ጾመኛ ነኝ ያልኩበት ረቡዕ

ልጄ ሂክማ፣ ሮቤ ከተማ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ለምሳ ፒዛ በካርቶን ይዛልኝ ገባች። ስልኳን ከፍታም በየአገሩ ፒዛ ላይ የሚደረገውን ታሳየኝ ጀመር፤ ሙዝ የተደረደረበት፣ ማር የፈሰሰበት፣ ዓሣ ከነጭንቅላቱ የተጋደመበት። "እማ፣ ይሄንንስ ትበዪዋለሽ?" እያለች ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ። ካርቶኑን ስትከፍተው ግን እንጉዳይ አየሁበት።

በወጣትነቴ ባሌ ተራሮች ሥር፣ ዲንሾ፣ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ጓደኛዬ ዘይነባ ዕቃ ታጥባለች። ተራራ ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ ስለ ፒዛ ነግሮን፣ "ያገኛችሁትን ከላይ ማድረግ ነው" ብሎን ነበር። ዘይነባ ልትሠራለት ቸኮለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ከጥዶቹ ሥር የለቀመችውን ነጫጭ እንጉዳይ በሻሿ ቋጥራ መጣች። ሊጡ ላይ ከአይብና ከሽንኩርት ጋር አድርገን ጋገርነው። ሽታው እስከ በር ድረስ ይጣራ ነበር።

በኛ ዘንድ ቀድሞ የሚቀምሰው ያበሰለው ሰው ነው። ያበሰልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ግን ከዱር የበቀለ እንጉዳይ ሁሉ የጅብ ጥላ ነው፣ መርዝ ነው እያለች ነው ያሳደገችኝ። ፈራሁ። ፈሪ መባልንም ፈራሁ።

"ጾመኛ ነኝ" አልኳት።

"በረቡዕ? የሚጾመው ሰኞና ሐሙስ አይደል?"

"የረመዳን ቀዳ አለብኝ፤ ያመለጠኝን እየከፈልኩ ነው።"

"እሺ፣ ሼኪት!" ብላ ሳቀችብኝ። ቢስሚላህ ብላ በላች። "ወላሂ፣ ይሄን ብትቀምሺ ጾምሽን ታፈርሺ ነበር!"

ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ ያን ቀን ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ዋልኩ።

ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ፣ ዘይነባ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፈረንጁ ከተራራው ሳይመለስ የተረፈውን ደፋሁት። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ጎባ ሆስፒታል ስንወስዳት ራሷ ጭኔ ላይ ነበር፤ በመስኮቱ ገና ያልበሰለው ገብስ ያልፋል፣ ያልፋል። ዓይኗን ገልጣ፣ "ጾምሽ አዳነሽ፣ አልሀምዱሊላህ" አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "አይዞሽ" ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ከእኔ በፊት ማንም ምግብ አይቀምስም። ልጆቼ የምሳሳ ይመስላቸዋል፤ ይቀልዱብኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። በረመዳን እንኳ "ጾመኛ ነኝ" ለማለት አፌን ይከብደዋል።

"እማ፣ ምነው አትበይም? ጾመኛ ነሽ እንዴ?" አለችኝ ሂክማ።

"አይደለሁም።"

እንጉዳይ የበዛበትን ቁራጭ መርጬ በላሁ። እሷም እጇን ስትዘረጋ ካርቶኑን ከደንኩት።

"አስር ሰላት ይድረስና ትበያለሽ።"

"እማ! ይቀዘቅዛል እኮ!"

"ይቀዝቅዝ" አልኳት።