ወዙ የጠፋ ጀሶ

በጥርስ ላቦራቶሪው ውስጥ "ጋሽ ጀሶ" ይሉታል። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነዋ! ሥራው ሐኪም ከሰው አፍ የወሰደውን የጥርስ ልክ፣ ጥርሱ የታተመበትን ለስላሳ ቅርጽ፣ ተቀብሎ በውስጡ ጀሶ ማፍሰስ፣ ከዚያም በደረቀው ጀሶ ላይ ሰው ሠራሹን ጥርስ መሥራት ነው። ጠባዩ ደህና ነው፤ በጀሶ ከመጡበት ግን ዘመድ አያውቅም። የተበጠበጠ ጀሶ የላዩ ወዝ ከጠፋ መያያዝ ጀምሯል ማለት ነው፤ ያኔ ውሃ የጨመረበት ሰው ወዮለት! የጎማ ሳህኑን ነጥቆ ይደፋበታል። "ውሃ ብታጠጣው ይለሰልስልሃል፣ ጥንካሬ ግን የለውም!" እያለ ይጮኻል።

ያን ቀን የመጣለት ልክ የታናሽ እህቱ ነበር። ላይኛው መንጋጋዋ ላይ የበቀለባት ዕጢ በማግስቱ ከነመንጋጋዋ ተቆርጦ ሊወጣ ነው፤ የፊት ጥርሶቿም አብረው ይሄዳሉ። ምትካቸው የሚሠራው ከዚህ ልክ ነው። ሌላ እንዳይወሰድ አፏ አልከፈትም ብሏል፤ ይኼም የተገኘው በስንት እንባ ነው።

ጀሶውን በጠበጠና ልኩን አነሳ። የጥርሶቿን ጉድጓድ እያየ ፈዝዞ ቀረ። ሲባንን ወዙ ጠፍቷል። ደፍቶ አዲስ መበጥበጥ ነበረበት። ግን ልኩ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ይኮማተራል፤ ይህን ሲያስብ ጭንቅ ያዘውና ውሃ ጠብ አድርጎበት ልኩ ውስጥ አፈሰሰው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጀሶው ሞቀ፣ ቀዘቀዘ፣ የጠነከረም መሰለ። ሲያላቅቀው ግን አንዱ የፊት ጥርስ ፍርክስክስ አለ፤ ልኩም ተቀደደ።

ለማንም ሳይተነፍስ እህቱ ወደተኛችበት ሆስፒታል ሄደ።

"እህት ዓለም፣ አበላሸሁት" አላት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። "አንዷ ጥርስ ፈረሰችብኝ። እስቲ እንደ ምንም ፈገግ በይልኝ፣ አይቼ ልቅረጻት።"

ከንፈሯን ገለጥ ልታደርግ ስትል እጇ ቀድሞ አፏን ሸፈነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅ እንዲሁ ናት፤ እሱ ዓይን አፋርነት ይመስለው ነበር።

"የትኛዋ ናት የፈረሰችው፣ ጋሼ?"

"ያቺ ወጣ ያለችው።"

"እሰይ! በል ቀጥ አድርገህ ሥራት። ልጅ ሆነን 'ገጣጣ' እያልክ የሰፈር መሳቂያ ያደረግከኝ በሷ አይደል?"

እሱ ረስቶታል። ያቺን ጥርስ ደግሞ እንዴት እንደሚወዳት ገና አሁን ታወቀው። እንደነበረች ልሥራልሽ ብሎ ሊለምናት ፈለገ፤ ግን በምን አፉ? ተመልሶ ሄደና ቀጥ አድርጎ ሠራት።