የተጸለየላቸው ሁለት ተርቦዎች

ሶዶ ውስጥ ለሞተር አየር እየነፋ ጉልበት ስለሚሰጠው ተርቦ ከእኔ በላይ የሚጠየቅ የለም፤ ይህን የምለው በትሕትና ነው።

አንድ የአረካ ወንጌላዊ፣ የልጃቸው ሠርግ ነገ ሆኖ፣ ባለ ሁለት ተርቦ መኪናቸው ዳገት አልወጣ ብላ ጋራዤ ተመልሰው መጡ። በኮምፒውተር መረመርኩና ፈረድኩ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ተርቦዎች ሞተዋል።»

«ጌታ ሙት ያስነሳ የለ እንዴ! በል ዓይንህን ጨፍን!» አሉና እጃቸውን መኪናዋ ላይ ጭነው መጸለይ ጀመሩ።

በአንድ ዓይኔ ሞተሩን ሳይ፣ ባለፈው ሳምንት ራሴ ፈትቼ ሳላጠብቀው የረሳሁት፣ የተርቦዎቹን አየር ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ቱቦ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ጸሎቱ ሳያልቅ መልሼ አጠበቅኩት። ከ«አሜን» በኋላ መኪናዋ ዳገቱን እየዘለለች ወጣች።

እሑድ ጉባኤው ፊት ለምስክርነት ጠሩኝ። ማይክራፎኑን ይዤ፣ በጸሎቱ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ እንደነበር መሰከርኩ።