በደቦ የተገጠመ ኤንትሬ

ሦስት ሰዎች ያልከፈትኩትን ካርቶን ከፍተው መኪናዬን ገጠሙብኝ። በደሉ ይኸው ነው። አልሰረቁኝም፣ አልሰበሩብኝም። ሠርተው ጨርሰው፣ ጠረጴዛዬ ላይ አቁመው፣ እንዳመሰግናቸው ጠበቁኝ።

መኪናው የሚገጣጠም የፕላስቲክ መኪና ነው፤ ርዝመቱ ክንድ አይሞላም። ካርቶኑ ሲከፈት ጎማው፣ በሩ፣ መሪው፣ ሁሉም ከቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በምላጭ ቆርጠህ፣ ሞርደህ፣ በሙጫ አያይዘህ ትቀባዋለህ። በከተማችን በሞላሌ ይህን የምንሠራው አራት ነን። አንደኛው ፎቶ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው፤ ካርቶኖቹን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣልን እሱ ነው፤ የምንሰበሰበውም በሱቁ ጓዳ ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ሦስተኛው ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብራና ላይ ሲጽፉ ስለኖሩ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ቀጭኑን ሥራ ለእሳቸው እንተዋለን። አራተኛው እኔ ነኝ። ገብስ አርሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ።

የረዳት ሥራ ታኮ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘለህ ትወርድና ጎማው ሥር እንጨት ትወትፋለህ። የሠራሁበት መኪና ኤንትሬ ነበር፤ ያ አፍንጫ የሌለው የጣሊያን መኪና። ሞተሩ ያለው ካቢናው ውስጥ ነው፤ በሹፌሩና በረዳቱ መካከል፣ በክዳን ተሸፍኖ። ብርዱ ሲጠና ያንን ክዳን አቅፌ ተኝቻለሁ። እንጀራዬን አሙቄበታለሁ፣ የራሰ ካልሲዬን አድርቄበታለሁ። ሥሩ ያለውን ግን አንድ ቀን አላየሁም። የዚያን ጊዜው ሹፌሬ ክዳኑን ሊያነሣ ሲል «ወደ ታኮህ» ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው ነበር። ዕውቀቱን ዓይቼ የምሰርቀው ይመስለው ነበር። ስሙን የማልጠራው ረስቼው አይደለም።

ስለዚህ ፎቶ አንሺው የኤንትሬን ካርቶን ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ ፈልጎ ሲያመጣልኝ አልከፈትኩትም። የካርቶኑ ክዳን ላይ ሞተሩ ለብቻው ተሥሏል፤ ከነቱቦው፣ ከነማራገቢያው። ያንን ሞተር ሳላበላሽ ራሴ እንድገጥመው፣ እጄ ይፍታታ ብዬ መጀመሪያ ትንንሾቹን መኪኖች ሠራሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ከፊደሉ በፊት ግን እነዚህን መኪኖች መግጠም ችዬ ነበር፣ መመሪያቸው ሥዕል ስለሆነ። ሁለቱም ያስተማሩኝ አንድ ነገር ነው፤ ተራውን የዘለለ ሰው ተመልሶ ይጀምራል። ኤንትሬው ተራው እስኪደርስ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

ካቻምና ኅዳር ላይ ታመምኩና ደብረ ብርሃን ወስደው አስተኙኝ። ገብሴ ደርሶ ነበር። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው እህል ማሳ ላይ አይቀርም፤ ጎረቤት ደቦ ወጥቶ አጨደልኝ፣ ከመረልኝ። እስከዚህ ድረስ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሦስቱ የፕላስቲክ ጓደኞቼ ግን አጫጅ አይደሉም። ሹፌሩ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ፎቶ አንሺው ማጭድ ጨብጦ አያውቅም፣ ቄሱ ያን ሰሞን ከቀብር ወደ ቀብር ነበሩ። ሰው ሁሉ ሲያግዘኝ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አሳፈራቸው። «እኛ ከምናውቀው ሥራ ምን ቀርቶበታል?» ተባባሉ። ሚስቴ ካርቶኑን አውርዳ ሰጠቻቸው፤ ጠላም ቀዳችላቸው። ደቦ ነውና ሹፌሩ ዘፈን እያወጡ ሌሎቹ እየተቀበሉ ገጠሙት።

ድኜ ቤቴ ስገባ ቆሞ አገኘሁት። ቀይ ነው፤ ያብለጨልጫል። ካቢናው ከሥሩ ካለው ሻንሲ ጋር በሙጫ ተይዟል፣ በሮቹ ተጣብቀዋል፣ የሞተሩ ክዳን ተዘግቷል። በመስኮቱ አሻግሬ ባይ ጨለማ ነው።

«ሞተሩ የታለ?» አልኩ።

«ውስጥ ነዋ» አሉ ሹፌሩ፣ ደስ ብሏቸው። «አንዲት ፍሬ አልቀረችም።»

«ማን ክፈቱ አላችሁ?»

ፎቶ አንሺው ቄሱን አየ። ቄሱ ሹፌሩን አዩ። ሹፌሩ የሚያዩት ሰው ሲያጡ፣ «ለደቦ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል?» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ሚስቴ ያዘችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ደክሞልህ ፊትህን ታጠቁራለህ? ለገብሱ መርቀህ ለመጫወቻው ትቆጣለህ?»

ችግሩም ይኸው ነው። ደቦ የወጣልህን ሰው መክሰስ አይቻልም። ሽማግሌ ፊት ቀርበህ ምን ልትል ነው? «አገዙኝ» ብለህ? ስለዚህ ዝም አልኩ። ወደ ሱቁ መሄድ ግን አልተውኩም፤ ሌላ የት ይኬዳል? እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ አላናግራቸውም። ሙጫ ስፈልግ በጣቴ አሳያለሁ።

ዓምና መስከረም ፎቶ አንሺው ከስልኩ ቀና ብሎ «ኤንትሬው ድጋሚ ሊወጣ ነው» አለ። የአዲስ አበባ መኪና ገጣጣሚዎች በቴሌግራም ይጻጻፋሉ፤ ወሬውን ያገኘው ከእነሱ ነው። ያኔ አፌ ሳላስበው ተከፈተ።

«ድጋሚ ማለት አዲስ ሠርተው ነው ወይስ ያንኑ?»

«ያንኑ፣ ጋሼ። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የድሮው የብረት ቅርጽ አለ አሉ።»

«የት ነበር እስከዛሬ?»

«መጋዘን ይሆናላ።»

ይኸ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ብረት ያን ያህል ዘመን ተቀምጦ አይዝግም? ግራሶ የሚቀባው ማን ነው? እንዲቀባ የተቀጠረ ሰው አለ? ሠሪዎቹስ አንዴ የተዉትን መኪና ምን አስታወሳቸው? ምናልባት በየአገሩ እንደ እኔ ሞተሩን ሳያይ የቀረ ሰው እየጻፈ ነዝንዟቸው ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ማወቅ ፈለግኩ፤ የሚወጣው ከነሞተሩ ነው ወይ? ፎቶ አንሺው ጻፈልኝ። መልሱ እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። አንዱ «ሙሉ ነው» አለ። ሌላው «የሞተሩ ቅርጽ ተሰብሯል፤ ባዶ ካቢና ነው የሚመጣላችሁ» አለ።

ቆይቶ የክፍሎቹ ፎቶ ተላከ። ስልኩ ላይ አራታችንም ግንባር ለግንባር ተጋጨን።

«ይቺ ሞተር ናት» አልኩ።

«ሰልባትዮ ነው» አሉ ሹፌሩ። «ናፍጣ መያዣው።»

«ሰልባትዮ ጥርስ ያወጣል?»

«ጥርስ አይደለም፣ ማሰሪያው ነው። አንተ ሰልባትዮን የምታውቀው ጥላው ሥር ስትተኛ ነው።»

«እርስዎ ኤንትሬ ነድተው ያውቃሉ?»

«ታናሽ ወንድሙን ነድቻለሁ።»

«እንግዲያው ለታናሹ ይመስክሩ።»

ቄሱ ስልኩን ተቀብለው፣ አቅርበው፣ አርቀው አዩት። «ለእኔ የበግ ኩላሊት ነው የሚመስለኝ» አሉ።

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው የተኳረፍን መሆናችን ትዝ አለኝና በሳቄ ተናደድኩ።

ካርቶኑ ከጥምቀት በኋላ በአውቶቡስ መጣ። ማንም እንዳይነካብኝ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ራሴ ተቀበልኩ። የከፈትኩት ጓዳው ውስጥ፣ ሦስቱ ፊት ነው። እጃቸውን ወደ ኋላ እንዲያደርጉ አዘዝኳቸው፤ አደረጉ፣ ቄሱም ጭምር። ፕላስቲኩ አዲስ ይሸታል። ካቢናው አለ፣ ሻንሲው አለ፣ ጎማው የእውነት ጎማ ነው። ሞተሩ በሚኖርበት ቦታ አንድ ጠፍጣፋ ክዳን አለ። ያቺ የተጣላንባት ነገር ሰልባትዮ ናት። ሹፌሩ «ብዬህ ነበር» አላሉም። ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

ካርቶኑን መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ሱቁን አልረገጥኩም፤ እስኪ አሁን ደግሞ ካለ እኔ ይጋጩ ብዬ። የቅበላው ቅዳሜ ቄሱ በሬን አንኳኩ።

«ጾም ሊገባ ነው» አሉ። «ከሰዎቹ ጋር እንደተኳረፍክ ልትገባ ነው?»

«አባ፣ እርስዎም ከሰዎቹ አንዱ ነዎት።»

«ነኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት። ይቅር በለን።»

«ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ሞተር ነው።»

ቄሱ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ቀይ ኤንትሬ አዩና፣ «ሞተሩማ አለ» አሉ። «አጣብቄ ዘጋሁበት እንጂ አልበላሁት።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናውን በነጠላ ጠቅልዬ ፎቶ ቤቱ ወሰድኩት። ይፈርሳል ስል የተቃወሙት ሹፌሩ ናቸው። ካቢናውን የቀቡት እሳቸው ነበሩ፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አምሮ የተቀባ መኪና ሞላሌ ላይ የለም።

«ለዚያች ቀለም ዓይኔን ነው የገበርኩት» አሉ። «ሌላ መንገድ ይፈለግ።»

«ሌላ መንገድ የለም» አለ ፎቶ አንሺው። «ቅርጹ ተሰብሯል፣ ጋሼ። ሁለተኛ አይወጣም።»

ሹፌሩ ምላጩን ከፎቶ አንሺው እጅ ተቀበሉ። «ካልቀረ እኔው ላፍርሰው፤ እናንተ ትቦጫጭቁታላችሁ» ብለው ሙጫው የያዘበትን ይፍቁ ጀመር። ቀስ ብለው ነበር፣ ግን ቀለሙ ተላጠ፣ የፊት መስታወቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ካቢናው ሲላቀቅ ሞተሩ ታየ። ቄሱ ቱቦዎቹን ሳይቀር ቀብተዋቸዋል፤ ማንም ላያያቸው።

አወጣሁት። አውራ ጣቴን ያህላል። ከሁለት ግማሽ የተጣበቀ ስለሆነ ምላጩን በስንጥቁ አስገብቼ ከፈትኩት።

ውስጡ ባዶ ነው። ፒስተን የለ፣ ምን የለ።

«ይኸው ነው?» አልኩ።

ፎቶ አንሺው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሱቁ ወጣ። እኔ አልሳቅሁም። ሹፌሩ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቤ ተቀመጡና ግማሹን ሞተር ከእጄ ወሰዱ።

«ፕላስቲክ አይደል፣ ምን ጠብቀህ ነበር?» አሉ። «ወዲህ ተጠጋ። ስድስት ፒስተን በተርታ፣ ከዚህ እስከዚህ። ይህኛው ሲወጣ ያኛው ይወርዳል። ናፍጣው በዚህ ይገባና እሳት ይሆናል። ከታች የሚዞር ብረት አለ፤ የፒስተኑን መውጣት መውረድ ተቀብሎ ለካምቢዮው፣ ለማርሹ ማለት ነው፣ የሚያቀብል እሱ ነው።»

«ዳገት ላይ ሲብስበት ክዳኑን የሚያንቀጠቅጠውስ?»

«የእሳቱ ምት ነዋ። ኃይል ሲያንሰው ምቱ ይራራቅና አንድ በአንድ ይሰማሃል።»

«ክዳኑ ከፊት በኩል ይበልጥ የሚሞቀውስ?»

ሳቁ። «ያንን ማን ነገረህ?»

«እተኛበት ነበራ።»

እስኪመሽ ጠየቅኋቸው። አንዳንዱን ያውቁታል፤ የማያውቁትን «እሱን አላውቅም» ይሉኛል። ቄሱም መሃል እየገቡ ይጠይቃሉ። ፎቶ አንሺው ተመልሶ መብራት አበራልን። በመጨረሻ ተነሥተን ትከሻ ተሳሳምን፤ ያን ማታ ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አልወጣም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ነገሩ ያለቀው የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የቅበላ እሁድ ነው።