የሾፌሩ ልብ በሚስቱ እጅ

ሰፈሩ ሁሉ «ጥሩምባው» ነው የሚለው። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ በር ማንኳኳት ትቶ ከደጅ በአፉ ጥሩምባ እየነፋ የሚገባ ሰው ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መስኮቱ ስር ተቀምጣ፣ ያለቀውና ያላለቀው ልብስ ግራና ቀኝ ተከምሮባት፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ትውላለች። የተገናኙትም በዚያችው መኪና ሰበብ ነው። የደንብ ልብሱን ቁልፍ ሊያስተክል መጣ፤ በሳምንቱ ቁልፉ ተበጥሶ መጣ፤ ደግሞ መጣ። ራሱ እየበጠሰ ይመጣ እንደነበር ያመነላት ከሠርጋቸው በኋላ ነው። ያኔ መሪውን በጣቱ እየመታ የሚያንጎራጉርላት አንዲት ግጥም ነበረችው፦

ልቤን ላንቺ ሰጠሁ እንድትጠብቂው፣
እኔ ምን አውቅበት አንቺው እወቂው።

ሰው ሲወድ ምን የማይለው አለ! ዘፈን ግን እንደ ሰው አይረሳም። የተባለውን ይዞ፣ ዓመት አሳልፎ፣ ያልታሰበ ቀን ደጅ ይቆማል።

ባለፈው ክረምት ጥሩምባው ደረቱን ይዞ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ ሁለት እንግዳ አስከትሎ ገባ። አንዱ እጁ ላይ የታሰረ ስስ ጥቁር አምባር ነው፤ የልቡን ምት እያዳመጠ ሆስፒታል ላለው ማሽን ይልካል። ሌላው የመድኃኒት ሳጥን ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ተከፍቶ፣ ማሽኑ ያዘዘውን ያህል ክኒን አቅርቦ ይዘጋል። ማሽኑ የሚለው ነገር ሲኖረው ደግሞ ይደውላል። የሴት ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የማይቆጣ፣ ጉንፋን የማይዘው። ሌላ ከተማ የምትሠራው አንዲት ልጃቸውም የአባቷን ልብ በስልኳ ላይ ታየዋለች። አረንጓዴ ከሆነ ሥራዋን ትሠራለች፤ ቀይ ከሆነ እያለቀሰች ትደውላለች።

ሰፊዋ ማሽኑን መረቀችው። ባል ሞት አፋፍ ደርሶ ሲመለስላት የማትመርቀው ምን አለ? ጥሩምባው ግን ተንገሸገሸ።

«ዳማ ልበላ እጄን ስዘረጋ ይደውላል! ‹ልብዎ ፈጥኗል፣ እባክዎ ቁጭ ይበሉ› ትለኛለች። ቁጭ ብዬ እኮ ነው የምጫወተው!»

«ታዲያ ሳትጮህ ብትጫወት ምን ነበረበት?»

«ሳይጮኹ ዳማ! አንቺ ደግሞ... ያ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡሴ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰውዬ በሽተኛ ነው ብሎ ሆን ብሎ ይሸነፍልኝ ጀመር። ከዚህ በላይ ሞት አለ?»

አውልቆ እንዳይተወው፣ አምባሩ ቆዳ ሲያጣ ያብዳል። አንዴ ሞክሮት አምቡላንስ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊሰበሰብ ምንም አልቀረው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መኪናዋ አጠገብ ቁጢጥ አለና፣ «እስቲ እጅሽን አምጪ» አላት። እንደ ሙሽራ እጇን በእጁ ያዘ፤ ጣት በጣት ቆለፈ። አምባሩን ከእጅ አንጓው ቀስ አድርጎ አንሸራተተው። በሁለቱ መዳፍ ላይ አለፈና፣ ሙቀቱ ሳይለየው፣ እሷ እጅ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። አምባሩ ዝም አለ። ላዩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች።

«ላንድ ከሰዓት ብቻ» አላት፣ ኮቱን እያጠለቀ። «አንዴ እንደ ሰው ጮኼ ልምጣ።»

የዚያን ቀን ከዳማው ሲመለስ ጥሩምባው ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ ተሰማ። እሷም ሳቀች። ያ ሳቋ ነው ጉድ ያመጣው። አንድ ከሰዓት ሁለት ወለደ፤ ኋላማ ሲወጣ ኮቱን እንደሚያነሳ ሁሉ አምባሩን አቀብሏት መሄድ ልማድ ሆነ፤ ቆይቶም ከእሷ እጅ መልሶ መውሰዱን ተወው። እሷ ትረግጣለች፣ መኪናው ይዘምራል፣ ልቧ ከመርፌው ጋር እኩል ይመታል። ማሽኑም ያንን የረጋ ምት ሰማ፤ ወደደው፤ የባለቤቱ ልብ ብሎ አጠናው።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። «እንኳን ደስ አለዎት» አለ ድምፁ። «ልብዎ በእጅጉ ተሻሽሏል። ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒትዎ ይቀነሳል።»

ሳጥኑ ሲከፈት ሁልጊዜ ክኒን የሚሞላው አንዱ ጉድጓድ ባዶ ነበር። ሰፊዋ ያንን ባዶ እያየች ቆመች። መቃብር ተምሶ ያየች መሰላት።

«አየሽ!» አለ ጥሩምባው እያጨበጨበ። «ዳንኩ!»

«አንተ ሰው፣ የኔ ልብ እኮ ነው የዳነው።»

«ያንቺና የኔ ልዩነት አለው?»

«አትቀልድ! እንንገራቸው።»

«ነግረሽ? እንደገና አልጋ ላይ ጠፍረው ሊያስሩኝ? ልጅቱስ ምን ትላለች? ትናንት በደስታ ስታለቅስ አልሰማሻትም?» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «በሞቴ፣ እንዳትነግሪያት።»

በሞቴ! ሌላ መሐላ የጠፋ ይመስል። ምላሷ ታሰረ።

የሚገርመው፣ እያደር እሱ ራሱ ማሽኑን አመነው። የማን ምት እንደሆነ እያወቀ፣ በስልኩ የሚመጣውን ምስጋና ለራሱ ተቀበለ። «ማሽን አይዋሽም» ይላቸዋል ዳማ ተጫዋቾቹን፣ ደረቱን እየነፋ። ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲነግሩት ምስክር አይጠይቅም።

ልብስ ሰፊ ግን ሰውነትን በጨርቅ ታነባለች። መጀመሪያ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንደ ገመድ ጠልቆ ሲወጣ አየች። ቀጥሎ ጫማው እምቢ አለ። ሱሪው ወገቡ ጋ ጠበበው፤ ፈትታ አሰፋችለት። ኮቱ ደግሞ ትከሻው ላይ ሰፋ፤ አጠበበችለት። ከታች እያበጠ ከላይ የሚከሳ ሰው በምን ልክ ይሰፋለታል? ትራስ ደረበ። ኋላም ጋደም ማለት ትቶ ወንበር ላይ መተኛት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሳጥኑ አንድ ጉድጓድ ጨምሮ አጎደለ።

«ዛሬ እነግራለሁ» ትላለች፣ ክር እየቆረጠች። የ«በሞቴ» መሐላው ትዝ ይላትና ክሩን መልሳ ትቋጥራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናዋን ስታቆም ትንፋሹ ተሰማት፤ ውኃ ውስጥ የሚጎተት ጨርቅ ድምፅ ነበረው። ከንፈሩ ጠቁሯል። መሐላውን ያኔ ጣለችው። አጠገቡ ተንበርክካ ጣቷን በጣቱ ቆለፈች፤ አምባሩንም በሁለቱ መዳፍ ላይ አንሸራታ መለሰችለት። ይስማ! የራሱን ልብ ይስማና ይጩህ! አምቡላንስ ይምጣ፣ ልጅቱም ታልቅስ!

ስልኩ ጮኸ።

«አምባሩ በሌላ ሰው እጅ ላይ ይገኛል» አለ ድምፁ። «እባክዎ ለባለቤቱ ይመልሱ።»

«ባለቤቱ እኮ እሱ ነው!»

«ይህ የባለቤቱ ልብ አይደለም።»

«የሱ ነው! የኔ ነበር የተሳሳተው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እባክሽ ልጄ፣ ሰው ላኪልን!»

«አመሰግናለሁ። አምባሩ ለባለቤቱ ሲመለስ ክትትሉ ይቀጥላል።» ተዘጋ።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ሰፊዋ የምትይዝ የምትጨብጠው ጠፍቶባት አምባሩን መንጭቃ በራሷ እጅ አጠለቀችው፤ የሚሰማት በዚያ ብቻ መሰላት። መብራቷ ወዲያው በራች። «እንኳን ደህና መጡ» አለ ድምፁ ተመልሶ። «ልብዎ ትንሽ ፈጥኗል። እባክዎ ቁጭ ይበሉ።»

በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ደረሱ። ድንገተኛ ክፍል ያገኙት ሐኪም ወጣት ነው፣ ፊቱ ደግ። አልጋው እየተገፋ ሲመጣ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር። «እማማ፣ አይዞሽ፤ የአባባ ልብ እኮ ከኔም ይበረታል፣ ይኸው...» ብሎ ቀና ሲል ሰውየውን አየ።

«የኔ ነው» አለችው፣ እጇን ዘርግታ። «ያ የምታየው ልብ የኔ ነው።»

ሐኪሙ አምባሩን አየ፤ እሷን አየ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት በወደደች። አልጋውን እየገፋ ሮጠ፤ በሩ ከኋላው ተወዛውዞ ተዘጋ።

ነጭ ኮሪደር፣ ቀዝቃዛ ወንበር። ጥሩምባው ያንን ሁሉ ዘመን መሪ ላይ ያዜመላት ግጥም በጆሮዋ መጣ፤ ሳታስበው ከንፈሯ መልስ ሰጠው፦

ልብህን ስጠብቅ በደጅህ ላይ ቆሜ፣
ባንተ ስም ሲመታ ኖረ የኔው ደሜ።

ስልኩ ጮኸ። ልጅቱ ናት፤ እየሳቀች።

«እማዬ! አባዬ ዛሬ ምን ነክቶታል? ልቡ ሲዘል በስልኬ አየሁት! ዳማ አሸንፎ ነው አይደል? እስቲ አገናኚኝ፣ ልሳቅበት።»

በሩ ተከፈተ። ወጣቱ ሐኪም ወጣ። ቅድም የሮጠው ሰው አሁን ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ጓንቱን እያወለቀ፣ ወለል ወለሉን እያየ።

«እማዬ? አለሽ? ይኸው ደግሞ ጨመረ፣ እየፈጠነ ነው እኮ!»

ሰፊዋ እጇ ላይ የምትብለጨለጨውን መብራት በመዳፏ ሸፈነች።

«ልጄ» አለች። «ቁጭ በይ።»