ቀበሮ የሌለበት ከተማ

የአባቴ የግጦሽ መስክ ከተማ መሆኑን ያወቅነው ቀበሮ ግልገሎቻችንን በጨረሰብን ሰሞን ነው። መስኩ ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ያለ፣ ክረምት ላይ እግር የሚያሰምጥ ረግረግ ነው። አባቴ ቀበሌ ሄዶ አመለከተ። እኔም ሴት ልጁ አብሬው ነበርኩ። የመሬት ጉዳይ የሚያየው ልጅ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልበቀለ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ በእስክሪብቶ ነካ ነካ አድርጎ፣ «አባባ፣ ይሄ በፕላኑ ከተማ ነው። ከተማ ውስጥ ቀበሮ የለም። ውሻ ይሆናል የበላብዎት» አለው። ቀበሮው ካርታውን አላየም ማለት ነው።

ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ ጋር ሊያጋባ ነው የተባለበት ጊዜ ነበር። ሙሽራዋን የጠየቀ አልነበረም። ወጣቱ ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ወታደር መጣ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። እኔ ከተማው ውስጥ ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ የምጭንበት ሱቅ ነበረኝ፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ወንበሩን ብቻ እየጠበቅኩ እውል ጀመር። አባቴን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስጨንቀው። እርሻና ግጦሽ የሆነውን መሬት የሚለዩ ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል፤ ከተማ የተባለው ሊወሰድ ነው።

«ቀበሮ ካለ ገጠር ነው» አለኝ ከቀበሌው ስንወጣ። «ገጠር ከሆነ ግጦሽ ነው። ይዤለት እመጣለሁ።» በዚያ ዓመት ከሰማሁት ክርክር ሁሉ ቀዳዳ ያላገኘሁበት ይሄ ብቻ ነበር።

በጥይት እንዳይለው፣ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ጠመንጃ አይቼ አላውቅም ብሎ የሚምልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠርተን ልንይዘው ሆነ። አባቴ ቤት ውስጥ የሚነጠፈውን አሮጌ አጎዛ ጭድ ጠቅጥቆ ሰፋና የእናቴን ጥቁር ካልሲ ጆሮ አደረገለት። ሲጨርስ በግ ሳይሆን የታመመ ሶፋ መሰለ። ዙሪያውን በሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ወጥመድ አጠመደ። የእኔ ድርሻ ድምፁ ነበር። አንዷን ግልገል ከእናቷ ለይቼ ስትጮህ በስልኬ ቀዳሁና የሱቄን ስፒከር ይዤ ጎህ ሲቀድ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ሰምተው የመጡት የሰፈሩ እናት በጎች ናቸው። አጥር ጥሰው፣ እየጮሁ፣ ሶፋውን ከበው ማሽተት ያዙ። ባለቤቶቻቸው ደግሞ ሌባ የመጣ መስሏቸው ዱላ ይዘው ተከተሉ። ቀበሮው የት ሆኖ እንደሚያየን እግዜር ይወቀው።

ቀጥሎ የመጡት ወታደሮች ናቸው። አለቃቸው ስፒከሩን አየና «ሕዝብ የሚቀሰቅሰው ማነው?» አለ።

«ሕዝብ አይደለም የምንጠራው» አልኩት፣ «ቀበሮ ነው።»

መልሱ ለሰሚ ምን እንደሚመስል የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውዬው ቅጂውን አስከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጠ፤ ከግልገሏ ጩኸት ውስጥ መፈክር እንደማይወጣ ሲያረጋግጥ ፊቱ ላላ አለ። የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም። «ድምፁን ቀንሺው፤ እንዲህ የሚጮህ በግ የለም» ብሎኝ ሄደ። ያን ሰሞን ከመንግሥት ወገን ያገኘነው ጠቃሚ ምክር ይኸው ነው።

ድምፁን ቀነስኩት። በማግስቱ ቀበሮው መጣ። ነፋሱን እየተከተለ ሶፋውን ከሩቅ ዞረው፣ ቆመ፣ ደግሞ ዞረው፣ መጨረሻ ላይ እግሩን ሽቦው ውስጥ አስገባ። አባቴ በዱላ ጨረሰው። ቀርቤ ሳየው ትንሽ ነበር። አባቴ ስለ እሱ ሲያወራ ስለከረመ ጥጃ የሚያህል ነገር ጠብቄ ነበር፤ አሳዘነኝ።

ቆዳው እንዳይበላሽ መልፋት ነበረበት። አባቴ ቆዳ መፋቅ የሚባል ነገር ክብሩን የሚነካው ሰው ነው፣ ስለዚህ ጨው ነስንሶበት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለውና አዲስ አበባን አቋርጠን ሰበታ፣ ቆዳ ፋብሪካ ወሰድነው። በሚኒባሱ ውስጥ ሽታው ሲነሳ ሁሉም አጠገቡ ያለውን ሰው ጠረጠረ። በዚያን ጊዜ እንኳን ሸትቶ፣ ሳይሸትም ሰው ይጠራጠር ነበር። የፋብሪካው ዘበኛ ከረጢቱን በዱላው ጫፍ ከፈት አድርጎ አየና «እኛ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው የምንቀበለው» አለን። ይዘነው ተመለስን።

እናቴ «በስተርጅና ፋቂ ልትሆን ነው?» አለችው። እሱ ቆዳውን በካስማ ወጥሮ ሥጋና ስቡን በቢላ ፋቀ፣ የእምቧይ ፍሬ ጨፍልቆ ቀባው፣ ሲደርቅ የኑግ ዘይት እያስነካ በእግሩ ረገጠው፣ በእጁ አሸው። ጎረቤት ሲመጣ ጓሮ ይደብቀዋል፤ ሲሄድ ያወጣዋል። እየቆየ ቆዳው እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ሆነ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ጠጉር ያበራል። እንዲህ ያለ እጅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ኮራሁበት።

ቀበሌ ስንገባ ቆዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ልጁ በሁለት እጁ ዳሰሰው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አባባ። ይሄማ ድንቅ ነው። ማን አለፋልዎት?»

«ቀበሮ ነው ወይስ ውሻ?» አለ አባቴ።

«ቀበሮ ነው እንጂ።» ልጁ ወደ ካርታው ዞረ። አሁንማ በሌላ ቀለም ተቀብቷል። «የእርስዎ ቦታ በማሻሻያው አረንጓዴ ቦታ ሆኗል። መናፈሻ ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ያለ የዱር እንስሳ የመንግሥት ነው።»

ያልነበረው ቀበሮ በአንድ ጊዜ የመንግሥት ንብረት ሆነ። በር ላይ የቆመው ፖሊስም ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ቦታ ነው የገደልኩት ይበሉ፣ አባባ። እንጦጦ ጫካ ይበሉኝ። እኔም አልሰማሁም፣ ይሂዱ» አለው።

የአባቴን ክንድ ያዝኩ። «አባዬ፣ በቃ እንጦጦ በለው» አልኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

አባቴ ልጁን እንጂ እኔን አላየኝም። «መዋሸት ብፈልግ ያኔ ውሻ ነው ስትለኝ እሺ ብዬ እገላገል ነበር» አለ። «ላፋ ኮ ላይ ነው የገደልኩት። መሬቴ ላይ።»

ፖሊሱ ወሰደው። ጣቢያው ውስጥ የት እንደገደለው ሲጠየቅ ወሰኑን ሁሉ ተናገረ፤ በዚህ ወንዙ፣ በዚያ የግራር ዛፎቹ፣ ከላይ የአባቱ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን። ማንም ሳያቋርጠው ጨረሰ። እኔ ያን ዓመት በሁሉም ነገር ላይ ስስቅ ነው የከረምኩት፣ እዚያ ግን አልቅሼ አላባራ አልኩ። ወደ ማረፊያ ቤቱ ሲያስገቡት ዞር ብሎ «ነገ በጎቹን እዚያው አውጪያቸው» አለኝ።

በማግስቱ አወጣኋቸው። ቀያሾች ቀድመውኝ ደርሰው መስኩ ላይ ችካል እየመቱ ነበር። አንደኛው መዶሻውን አስቀምጦ በጎቹ የማን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ የአባቴ ናቸው አልኩት። መሬቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።