ካብ ላይ የሞቀው ባትሪ

የአባባ ሬዲዮ ድምፁ ሲሰልል የባትሪ ድንጋዮቹን ያወጡና ደጃችን ካለው ካብ ላይ ፀሐይ ያሞቋቸዋል። ሲመልሷቸው ሬዲዮው ይጮኻል። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የእኛ ብርድ የማያደነዝዘው ነገር የለማ።

ራቤል ከተማ ስማር የሳይንስ ክበባችን ለዞን ውድድር ሮቦት ሠራ። ሁለት ሞተር ያላት፣ ትንሽ ሣጥን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ነገር ናት። ባትሪዋ ቻርጅ የሚደረግ ነበር፤ ሦስት ድንጋዮች አንድ ላይ ታስረው በሰማያዊ ላስቲክ ተጠቅልለዋል። ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ፤ በዚህም ሰው አላስቀምጥ ብያለሁ።

ሮቦቷ ጠዋት ጠዋት ዳገቱ ግማሽ ላይ ትዝል ጀመር። ባትሪውን በኤሌክትሪክ መለኪያ ስለካው ሙሉ ነው ይለኛል። ቅዳሜ ወደ ቤት ወሰድኩትና አባባን አማከርኳቸው። በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይሄማ በርዶታል» አሉና ካቡ ላይ አሰጡት።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ከካቡ ላይ እንደሞቀ ወስጄ ስገጥመው ሮቦቷ ዳገቱን እንደ በቅሎ ወጣችው። መምህራችን ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲያ ባትሪው ከትምህርት ቤት ወደ ካባችን ሲመላለስ ከረመ። ሆዱ ነፋ ማለቱን አይቻለሁ፤ ጠግቦ ነው ብዬ አለፍኩት።

ውድድሩ ደብረ ብርሃን ነበር። አባባ የክት በርኖሳቸውን ደርበው አብረውን ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ለተሳፋሪው ሁሉ «የልጄ ማሽን ልትወዳደር ነው» ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ተራችን ደረሰ። ሮቦቷ ዳገቱን ጀመረች፣ ግማሽ ላይ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ዳኛው ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ባትሪውን ፈታና ሞተሩ እየሠራ ሦስቱን ድንጋዮች አንድ በአንድ ለካ።

«አንዱ ታሟል። ሁለቱ ሲሸከሙት ኖረዋል» አለኝ። «አንድ ላይ፣ ያውም ሞተሩ ቆሞ ስትለኪው እንዴት ይታይሻል? ደግሞ ሙቀት አግኝቶታል። የት ነበር የምታስቀምጡት?»

ከኋላ አባባ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታው። እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ አሞቅሁት። የልጅቱ ጥፋት አይደለም።»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባባም አብረው ሳቁ፤ ደስ ያሰኙ መስሏቸው ነው። ያ ነው አንጀቴን የቆረጠው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ከባትሪው ይልቅ በበርኖሳቸው አፈርኩ፣ በባርኔጣቸው አፈርኩ፣ ምን አስነሣቸው ብዬ በልቤ ተቆጣሁ። ዳኛው ግን አልሳቀም። ሙቀት የደከመ ባትሪን ለጊዜው እንደሚያነቃው፣ ሕመሙንም የሸፈነብን ይኸው እንደሆነ፣ ሲበዛ ግን እንደሚጨርሰው በትሕትና አስረዳቸው። እሳቸው ከጫጫታው የተነሣ የሰሙት አልመሰለኝም።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ ጠየቁኝ። «ያ ልጅ ምን አለ?»

«የእርስዎ ፀሐይ ነው የጨረሰው አለ» አልኳቸው፣ ያለውን ቆራርጬ።

የጓሳን ሜዳ እስክናልፍ ድረስ ፊታቸውን ከመስኮቱ አላነሡም። ለተሳፋሪውም ስለ ማሽን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቃሌን መመለስ አማረኝ፤ አፌ ግን እንቢ አለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሬዲዮው ድምፅ ሰለለ። ቀኑ ብራ ነበር፤ ካቡን ፀሐይ ሞልቶታል። አባባ ድንጋዮቹን አውጥተው በመዳፋቸው እንደያዙ የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ፤ አልወጡም።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እነዚህንስ ማሞቅ ይቻላል?»

እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር እኔን አስፈቀዱኝ። «ይቻላል፣ አባባ» አልኩ። ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።