ጨው ያነሰው ደም

በአዳኞች ሰፈር ምግብ አብሳይ ሆኜ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የጠየቅሁት «ጉማሬ በምን ይበስላል?» ብዬ ነው። የቀጠሩኝ የአደን መሪው ጋሼ ዘለቀ ናቸው። «ፈረንጁ የመጣው ለጉማሬ ነው፤ አንቺ ታበስያለሽ» ብቻ ነበር ያሉኝ። ክርስቲያን ጉማሬ አይበላም። ደግሞስ ያን የሚችል ድስት ባሕር ዳር ገበያ ከየት ይገኛል?

«ማን ጉማሬ አብስይ አለሽ?» አሉኝ እየሳቁ። «ለሰውየው ማካሮኒ ቀቅይለት። የሚፈልገው ጥርሱን ብቻ ነው።»

«ሥጋው ሳይበላ?»

«ሳይበላ።»

«ታዲያ ምን አጣላቸው?»

ጋሼ ዘለቀ ድንኳን ሊያስተክሉ ሄዱ።

ሰፈራችን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል፣ ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለበት ዳር ላይ ነበር። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ በፈረንጅ አፍ የተጻፈውን የዋጋ ወረቀት አላነብም፤ ዋጋውን ግን ከወሬ ለመድሁት። እንግዳው ለፈቃዱ ይከፍላል፣ ለጠብመንጃው ይከፍላል፣ ለመሪው፣ ለድንኳኑ፣ ለእኔ ማካሮኒም ይከፍላል። ዝናብ ይዞት ሲያንኮራፋ ቢውልም ቀኑ ይታሰብበታል። አውሬ ከገደለ ደግሞ የአውሬው ዋጋ ለብቻ ነው።

ከሁሉ የባሰች አንዲት ሕግ ነበረች፤ ደም ከታየ ተከፍሏል። አውሬው ቆስሎ ቢጠፋም እንደሞተ ይቆጠራል። ቁስለኛው ግን ዓሣ አጥማጅ እንዳይፈጅ ተከትሎ መጨረስ ግዴታ ነው። ደንገሉ ውስጥ በታንኳ እየቀዘፈ የሚከተለው ሰው ደግሞ ይበልጣል የሚባል ነው። ይበልጣል ልጄ ነው።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይበልጣል ዋና የተማረ ዕለት ውኃው ዳር ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ የጮኽሁ ሴት ነኝ። በዚያ ዘመን ጎረምሳ ልጅ ያላት እናት ከተማ ውስጥም እንቅልፍ አልነበራትም። ወታደር አድርገው እንዳይወስዱብኝ ከአፈሳ አሽሽቼ አደን ሥራ ላይ አስቀጠርሁት። ከአፈሳ አውጥቼ ጉማሬ አፍ ውስጥ እንደከተትሁት የገባኝ ኋላ ነው።

አንድ ሁዳዴ አንድ ሚስተር መጣ። ደኅና ሰው ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቀው «እሺ»ን ብቻ ነበር፣ እሷኑ ለሁሉም ያደርጋታል። ከታንኳ ላይ ካልተኮስሁ አለ። ጋሼ ዘለቀ፣ ታንኳ የደንገል እስር ነው፣ ያ ጠብመንጃ ደግሞ ይገፋል ብለው ለመኑት።

«ከፍያለሁ ይላል» አሉን ተርጉመው።

ያን ጠዋት ለይበልጣል እንጀራ አገልግል ውስጥ አደረግሁለት። ድልሁን ሚስተሩ በጨረሰው የወተት ዱቄት ጣሳ ሞልቼ ከላይ አስቀመጥሁ። ክዳኑ ትንሽ ይላላ ነበር። ምንም አይልም አልሁ።

ተኩሱን የሰማሁት ነጭ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው። ጠብመንጃው ሚስተሩን ወደኋላ ወረወረው፤ ሚስተሩ አገልግሉ ላይ ወደቀ፤ ታንኳዋ ተገለበጠች፤ ጉማሬው ጠለቀ። ይኼን የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ ያየሁት ልጄና ሚስተሩ ጭቃ ለብሰው ሲመጡ ነበር። ከኋላቸው የመንግሥት የዱር አራዊት ጠባቂው፣ ጓድ አበረ፣ አንድ ዘለላ ደንገል እንደ ጧፍ ቀጥ አድርጎ ይዞ ይመጣል። ደንገሉ ቀይ ነገር ተረጭቶበታል።

«ደም ነው» አለ ጓድ አበረ። «ከሳንባው የረጨው ነው። ተከፍሏል። ቁስለኛው ሳይመሽ ይፈለግ። ይበልጣል፣ ታንኳህን አቃና።»

«እሺ» አለ ልጄ፣ ሸሚዙን እየጨመቀ።

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። «ጓድ፣ እስቲ እሱን ይስጡኝ።»

«ማስረጃ ነው፣ አይነካም።»

ከእጁ ወሰድሁት። ነጭ ሽንኩርት የሸተተኝ መሰለኝ። እርግጠኛ ግን አልነበርሁም፤ እጄ ራሱ ነጭ ሽንኩርት ሲልጥ የዋለ ነው። ደም ከሆነ በሁዳዴ የጉማሬ ደም መቅመሴ ነው፤ የንስሐ አባቴ ፊት ምን ብዬ ልቆም? ይበልጣል ግን ታንኳውን ማቃናት ጀምሯል። ላስሁት።

«ጨው አንሶታል» አልሁ።

ጋሼ ዘለቀ አማተቡ። ይበልጣል ታንኳውን ትቶ ቀና አለና «ድልሄ የት ገባ?» አለ።

ጓድ አበረ ብቻ አልሳቀም። «ጓዲት የውብዳር፣ የላስሽው የውጭ ምንዛሪ ነው። ይኼ አሻጥር ይባላል።»

አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚያን ጊዜ የት እንደሚያድር ሁሉም ያውቅ ነበር። አፌ ግን አላረፈም።

«እርስዎም ይቅመሱትና ይፍረዱ።»

«በሁዳዴ?»

«ድልህ አያስገድፍም።»

«ደም ከሆነስ?»

«ደም መሆኑን ከተጠራጠሩ ልጄን ለምን ይልኩታል?»

ሚስተሩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ጋሼ ዘለቀ ነገሩት። ፊቱ ቀላና ብዙ ተናገረ።

«ደም ነው፣ እከፍላለሁ ይላል» አሉን ጋሼ ዘለቀ። «ስቶ ከሚሄድ ከፍሎ ቢሄድ ይሻለዋል።»

ሒሳብ ይጨመርብኝ ብሎ የሚከራከር ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሚስተሩ ደም ይፈልጋል፣ ጓድ አበረ ምንዛሪ ይፈልጋል። እነሱ ከተስማሙ ልጄ መሄዱ ነው። ደንገሉን ለሚስተሩ ዘረጋሁለት፤ በእጄም ወደ አፍ አሳየሁት።

አሸተተ። እኔን አየኝ። ከዚያ እንደ አይስክሬም ከታች እስከ ላይ ላሰው።

በመጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወደ ሐይቁ ሮጦ ተንበርክኮ ጠጣ። ሲመለስ ጋሼ ዘለቀን አያቸው፣ ጓድ አበረን አየው።

«እሺ» አለ። «እሺ፣ እሺ።»

«ስቷል» አሉ ጋሼ ዘለቀ። «ይበልጣል፣ ታንኳውን እሰር።»

እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ይበልጣል መጥቶ «እማዬ፣ ምሳዬን ሐይቁ በላው እኮ» አለኝ። ተነሥቼ ሌላ እንጀራ አቀረብሁለት። ወደ ማታ ጉማሬው ከነጥርሱ ብቅ ብሎ ወደ ሰፈራችን አዛጋ።

ሚስተሩ ያን ሁሉ ከፍሎ ይዞ የሄደው አንድ ጣሳ ድልህ ነው። ራሱ ነው የለመነኝ። ጓድ አበረ እንግዳ ሲሸኝ ጥርስና ቀንድ መለካት ልማዱ ነበር፤ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጥቂት ቆመና ጣሳውን ለካ። አሻጥር የሚለውን ቃል ደግሞ አላነሣብኝም። እኔ ግን ለብዙ ጊዜ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እቃ እጥል ነበር።

አዲስ ለምትገቡ አብሳዮች የምነግራችሁ ይኼን ነው። ለታንኳ ሰው ድልህ ስትሰጡ የጣሳውን ክዳን በሊጥ ድፈኑት። ደም ታየ ከተባለም፣ ሰው ከመላኩ በፊት ይቀመስ።